የደነደነ ፍሬንና የአምስት ወር ቱቦ

ባለፈው ከእንጦጦ ስወርድ የአሮጌዋ ላንድ ክሩዘሬ ፍሬን ድንጋይ ሆነብኝ። ኤችጄ 60 ናት፣ ባለ 4 ሊትር ናፍጣ። ፔዳሉ አልሰመጠም፣ ዘይትም አላፈሰሰም፣ ዝም ብሎ እምቢ አለ፣ በሁለተኛ ማርሽ እያስያዝኳት በሁለት እግሬ ፔዳሉ ላይ ቆሜ ነው ሽሮ ሜዳ የደረስኩት ብል አላጋነንኩም።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ምንም ሳይፈትሽ የፍሬኑን ፖምፓ (ፔዳሉን ስትረግጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን) ቀየረልኝ፣ ከፈልኩ፣ በነጋታው ያው። ፔዳል ሲሰምጥ እኮ ነው ፖምፓ የሚጠረጠረው፣ ሲደነድን ሰርቮው (የእግርህን ጉልበት የሚያግዘው) ነው ወይ ለሰርቮው ቫኪዩም (አየሩ የተመጠጠ ባዶነት፣ የሚሠራው በሱ ነው) የሚያመጣለት ነገር። ለማወቅ መፍቻ እንኳን አያስፈልግም፣ ሞተር አጥፍተህ ፔዳሉ እስኪደነድን አምስት ስድስቴ ትረግጣለህ፣ ከዛ እግርህን ሳታነሳ ታስነሳታለህ፣ ትንሽ ወደ ታች ከሄደ ሰርቮው እያገዘ ነው። የኔ ጠዋት ይወርዳል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ንቅንቅ አይልም።

ቤንዚን መኪና ቫኪዩሙን ከራሱ ሞተር አየር መሳቢያ ያገኛል፣ የኛዋ ናፍጣ እዛ ጋ ቫኪዩም ስለሌላት ዲናሞው ጀርባ ላይ ትንሽ ቫኪዩም ፖምፓ ተገጥሞላታል (ቺንጊያው ከተበጠሰ ቻርጁም የፍሬኑ እገዛም አብረው ይሄዳሉ)። ሁሉም ሰው "እሱ ነው ያለቀው" ሲለኝ ሶማሌ ተራ ዋጋ ጠይቄ ደንግጬ ተመለስኩ። የቫኪዩም መለኪያ ጌጅ ተውሼ ቫኪዩም ፖምፓው ጋ ስሰካው 520 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ላይ ቆመ፣ ኢንተርኔት ላይ ደሞ የፈረንጆቹ 650 ምናምን ይላል፣ በቃ ሞቷል አልኩ። ለካ ከፍታውን ረስቼዋለሁ! የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ 760 ከሆነ አዲስ አበባ 570 አካባቢ ነው፣ ከሱ በላይ የሚስብ ፖምፓ እዚህ ከየት ይመጣል? ሰርቮው ራሱ እዚህ፣ ባህር ዳርቻ ጅቡቲ ላይ ከሚያግዘው ሩብ ያህል አንሶ ነው የሚያግዘው።

ሰፈር ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው ያገኙት። ኮፈኑን አስከፍተው፣ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ጠብቀው፣ "ነዳጅ ስጣት" አሉና ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ አስረገጡኝ። "ና ልጄ፣ ውረድና ይሄን እይ።" ወደ ሰርቮው የሚሄደው ቱቦ መሀሉ ላይ ተጣብቆ እንደ ፓስታ ጠፍጥፏል። ሞተሩን ሳጠፋው ቀስ እያለ ተነፋ። ከአምስት ወር በፊት የሆነ ሰው የነዳጅ ቱቦ ቆርጦ ነው የገጠመልኝ፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ነው፣ ሲሞቅ ይለሰልስና ፖምፓው ሲስበው ይጨፈለቃል። እኔ ደሞ ጌጁን የሰካሁት ፖምፓው ጋ እንጂ ሰርቮው ጋ አልነበረም፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ብለካ ኖሮ የዛኑ ቀን ይገባኝ ነበር።

ወፍራም የቫኪዩም ቱቦ በሁለት አዲስ ፋሸታ አሰርን፣ መሀሉ ያለችውን ቫልቭም በአፋቸው ነፍተው አዩዋት፣ በአንድ በኩል ብቻ ማሳለፍ አለባት፣ ደህና ናት። እሁድ እንጦጦ ወጥቼ ወረድኩ፣ በአንድ እግር። አሁን ዲናሞው ስር ዘይት እያንጠባጠበ ነው፣ ከቫኪዩም ፖምፓው የሚመለሰው የዘይት ቱቦ ይመስለኛል፣ ቅዳሜ ወደሳቸው ልወስዳት ነው።