የአኳሪየሜን አዮዲን ስለካ

ዛሬ ከሥራ እንደገባሁ የባሕር ውሃ አኳሪየሜን (የባሕር እንስሳት የማኖርበትን የመስታወት ገንዳ) አዮዲን ለካሁ። ከሁሉም ምርመራ ዓይን የሚፈትነው ይሄ ነው። አንድ ሊትር የተፈጥሮ ባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው ሲይዝ፣ አዮዲኑ ግን ወደ 0.06 ሚሊግራም ብቻ ነው። የመመርመሪያ ጠብታዎቹን ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ላይ ጨምሬ የወጣውን ቀለም ከማነጻጸሪያ ካርዱ ጋር ሳስተያይ እጅግ ፈዛዛ ሆነብኝ፤ መስኮት ዳር ወስጄ አየሁት። ከ0.06 ትንሽ ዝቅ ይላል።

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ወዲያው የአዮዲን ጠርሙሱን ያነሳል። እኔ አላነሳም። ሲበዛ ለኮራሉም (ድንጋይ መሰሉ የባሕር እንስሳ) ለሽሪምፑም መርዝ ነው። የባሕር አረሙ ይመጠዋል፣ የከሰል ማጣሪያውም ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ ነገ ከፊሉን ውሃ በአዲስ የባሕር ጨው ቅልቅል እቀይርና ደግሜ እለካለሁ። (አዮዲን መጀመሪያ የተገኘውም ከባሕር አረም አመድ ነው፤ በ1811 እ.ኤ.አ.፣ በፈረንሳዊው በርናር ኩርትዋ።)

ይህን ስለካ አያቴ ትዝ ይሉኛል። እንቅርት ነበረባቸው። በደጋው አገራችን ዝናብና ጎርፍ የአፈሩን አዮዲን ጠርጎ ስለሚወስደው እህሉም ውሃውም ያንሰዋል፤ የስንት እናቶች አንገት ያበጠው በዚህ ነው። ሰው የሚያስፈልገው በቀን 150 ማይክሮግራም ብቻ ነበር! ይህቺን ታህል ነገር ማጣታቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለእማዬ ስደውል ሳልነግራት አልቀርም፦ አዮዲን ያለበትን ጨው ግዢ፣ ክደኚው፣ ወጡ ከበሰለ በኋላ ጨምሪ።

እዚህ ሜሪላንድ የባሕር አኳሪየም ያላችሁ ወገኖች፣ የእናንተ ስንት ነው የሚያነበው? ውሃ ከመቀየራችሁ በፊት ነው ወይስ በኋላ የምትለኩት?