በተተወ የዓረብሳት ዲሽ የአማተር ቴሌቪዥን ማየት

ብዙ ጣሪያ ላይ ሁለት ዲሽ ይታያል። አንዱ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ኢትዮሳት ዞሮ ይሠራል፤ ሌላው ድሮ ለዓረብሳት ተተክሎ ኬብሉ ተነቅሎ ቀርቷል። የአማተር ቴሌቪዥን ለማየት እኔ የተጠቀምኩት ይህን ሁለተኛውን፣ ባለ 90 ሳንቲሜትር ኦፍሴት ዲሽ ነው። ዓረብሳት 26 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ የአማተር ቴሌቪዥኑን የሚያወርደው የኳታሩ ሳተላይት ኤስሀይል 2 ደግሞ 25.9 ላይ። የ90 ሳንቲሜትር ዲሽ እይታ 2 ዲግሪ ገደማ ስለሚሰፋ የ0.1 ልዩነቱ አይቆጠርም። ከጅምሩ ለዓረብሳት በትክክል የተስተካከለ ዲሽ ካላችሁ የማነጣጠሩ ሥራ አልቋል ማለት ነው።

ኤስሀይል 2 በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተመጠቀ የቴሌቪዥን ሳተላይት ነው፤ ከንግድ ቻናሎቹ ጎን ለአማተር ሬዲዮ ሰዎች (ለትርፍ ሳይሆን በፍላጎት ለሚያሰራጩ ግለሰቦች) ብቻ የተሰጡ ሁለት ትራንስፖንደሮች፣ ማለትም ከምድር የተላከን ሲግናል ተቀብለው መልሰው የሚያወርዱ መሣሪያዎች ይዟል። በአማተሮች ዘንድ ኪው ኦ 100 ይባላል። ጠባቡ ትራንስፖንደር ለድምፅና ለሞርስ፣ ሰፊው ለዲጂታል ቴሌቪዥን ነው። ሰፊው ከ10491 እስከ 10499 ሜጋኸርዝ በሆሪዞንታል (ሞገዱ አግድም ሆኖ) ይወርዳል። በ10491.5 ላይ ሁልጊዜ የሚሠራ ቢኮን (የማጣቀሻ ሥርጭት) አለ፦ ዲቪቢ ኤስ 2 (የሳተላይት ቴሌቪዥን ደረጃ)፣ ኪውፒኤስኬ (መረጃው በአራት ነጥብ የሚጫንበት ዘዴ)፣ ሲምቦል ሬት 1500 (የመላኪያ ፍጥነት፣ በሰከንድ በሺህ)፣ ኤፍኢሲ 4/5 (የስህተት ማረሚያ መጠን)። መጀመሪያ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ዲሹን እንደ አዲስ የሚተክል ሰው አዲስ አበባ ላይ አዚሙት (ከሰሜን በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ የሚለካ) 235.5፣ ከፍታ 71.6 ዲግሪ ይያዝ፤ ደቡብ ምዕራብ፣ አናት ላይ ማለት ይቻላል። ከኢትዮሳት አቅጣጫ ወደ 120 ዲግሪ ይርቃል። ኮምፓሱን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቆማችሁ አትመኑት፤ መሬት ላይ ሆናችሁ አንድ ሩቅ ምልክት ያዙና ከዚያ ውጡ። የአንዳንድ ዲሽ መያዣ የከፍታ ቁጥር 71 ድረስ ስለማይደርስ ቋሚውን ብረት ራሱን ማዘንበል ያስፈልጋል። የዛገ ቡሎን በግድ ከማዞር በፊት ዘይት አጠጥቶ ማሳደር ይሻላል፤ ጆሮው ከተሰበረ መያዣው ሁሉ ይጣላል።

ኤል ኤን ቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 9.75/10.6 (ከሚመጣው ፍሪኩዌንሲ የሚቀንሰው፣ በጊጋኸርዝ) የሚል ዩኒቨርሳል መሆን አለበት። 10.75 የሚለው አይሆንም፣ ቢኮኑ ከእሱ በታች ነው፤ የሲ ባንዱማ ጨርሶ ሌላ ነው። ዕድሜ የጠገቡት በብዛት ዲ አር ኦ የሚባሉት ናቸው፤ ከቀትር ፀሐይ እስከ ሌሊት ብርድ ፍሪኩዌንሲያቸው ሜጋኸርዝ ያህል ሊሸሽ ይችላል። ለንግድ ቻናል ግድ የለም። ቢኮኑንም እየተከታተሉ መያዝ ይቻላል። በ333 ወይም በ125 ሲምቦል ሬት የሚላኩትን የግለሰብ ሥርጭቶች ግን ከእጅ ያስመልጣል። ፒኤልኤል (ፍሪኩዌንሲውን በክሪስታል የሚያጸና) የተጻፈበት ኤል ኤን ቢ መግዛት ለዚህ ሥራ ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ የሚያዋጣው ነው። የፊት ፕላስቲኩ በፀሐይ የተሰነጠቀውንም ቀይሩት፣ ክረምት ላይ ውሃ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ኤል ኤን ቢው 9750 ስለሚቀንስ፣ 10491.5 ሲቀነስ 9750፣ ኬብሉ ላይ የሚወርደው 741.5 ሜጋኸርዝ ነው። የቤት ሪሲቨር የሚጀምረው ከ950 ስለሆነ ቁጥሩን ብታስገቡለትም አያገኘውም። ሪሲቨሩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትድከሙ። እኔ የተጠቀምኩት አርቲኤል ኤስዲአር የሚባለውን በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ መቀበያ ነው። አር 820 ቲ የሚባል ቺፕ ያለው ከ24 እስከ 1766 ሜጋኸርዝ ይሰማል፣ በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ናሙና ሲወስድ ደግሞ 1.8 ሜጋኸርዝ የሚሰፋው ቢኮን ይበቃዋል።

ኤስዲአሩ ግን ለኤል ኤን ቢው ሆሪዞንታልን የሚያስመርጠውን 18 ቮልት አይሰጥም። የድሮው ሪሲቨር እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ አንድ ሆሪዞንታል ቻናል ላይ አስቀምጡት፣ 22 ኪሎኸርዝን (የኤል ኤን ቢ መቀየሪያ ምልክቱን) አጥፉ፣ እሱ መብራት ይመግብላችሁ። ከ5 እስከ 2400 ሜጋኸርዝ የሚል ባለ ሁለት መውጫ ስፕሊተር ግዙ፤ ከ950 የሚጀምረው ለ741 አይታመንም። ስፕሊተሩ በአንድ መውጫ ብቻ ቮልት የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ሪሲቨሩ በዚያ በኩል፣ ኤስዲአሩ በሌላው። ከመሰካታችሁ በፊት የኤስዲአሩን ጫፍ በሜትር ለኩት፤ 18 ቮልት ካሳየ አትሰኩ፣ መቀበያውን ሊያቃጥለው ይችላል። ዳይሴክ ስዊች (ብዙ ኤል ኤን ቢ የሚያፈራርቅ) መሃል ላይ ካለ አውጡት። 22 ኪሎኸርዝ በርቶ ከቀረ ኤል ኤን ቢው ወደ 10600 ይዘልና ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም።

ሰው በብዛት የሚዘለው የኤል ኤን ቢውን ማዞር ነው። ወገብ አጠገብ ስለሆንን ለዚህ ሳተላይት የሞገዱ ዘንግ በጣም ይዘማል፦ አዲስ አበባ 55፣ አርባ ምንጭ 62፣ መቀሌ 44 ዲግሪ ገደማ። ከዲሹ ጀርባ ቆማችሁ ወደ ሳተላይቱ ስታዩ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው። 30 ዲግሪ ቢሳት ከ1 ዴሲቤል በላይ ይጠፋል። ጠንካራው የዓረብሳት ቻናል ይህን ይችለዋል፤ በኤፍኢሲ 4/5 ከጩኸቱ በላይ ወደ 4.7 ዴሲቤል ለሚፈልግ ሲግናል ግን ሥዕል በመኖርና ባለመኖር መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ከፍተኛውን ነጥብ በመፈለግ ማስተካከል ያስቸግራል፣ ጫፉ ሰፊና ለጥ ያለ ነውና። የሚሻለው በተቃራኒው መሄድ ነው። ጠባቡ ትራንስፖንደር በቨርቲካል (ሞገዱ ቁም ሆኖ) ስለሚወርድ መሃሉ ላይ ያለው ቢኮን በ739.75 ይታያል። በ18 ቮልት ሆናችሁ እሱን እያያችሁ ኤል ኤን ቢውን በቀስታ አዙሩ። በጣም የደከመበት ቦታ ትክክለኛው ሆሪዞንታል ነው። ይህ ዝቅታ ስለታም ስለሆነ በጥቂት ዲግሪ ይለያል። እዚያው እሰሩት።

ሥዕሉን ለማውጣት ኤስዲአርአንጀል በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ያለውን የዲኤቲቪ (የዲጂታል አማተር ቴሌቪዥን) ማሳያ ተጠቀሙ። መጀመሪያ ስፔክትረሙ ላይ አናቱ ጠፍጣፋ፣ 1.8 ሜጋኸርዝ የሚሰፋ ጉብታ ፈልጉ፤ ኤል ኤን ቢው ስለሚሸሽ በትክክል 741.5 ላይ ላይሆን ይችላል። መሃሉን ያዙ፣ ሲምቦል ሬቱን 1500000፣ ሮል ኦፉን 0.2 አድርጉ። አራት የነጥብ ክምችት ካያችሁ ተቆልፏል። ነጥቦቹ ክብ ሠርተው ቢዞሩ ፍሪኩዌንሲው ፈቀቅ ብሏል፤ አንድ ላይ የተደፋ ደመና ቢመስሉ ሲግናሉ ደካማ ነው ወይም ጌይኑ (የማጉያው መጠን) በዝቷል። ጌይን ከፍ ማድረግ ሁሌ አይጠቅምም፤ ኬብሉ አጭር ከሆነ ቀንሱት።

ቢኮኑ እየታየ ሌላው ሥርጭት ካልታየ ማንም ላይኖር ይችላል። የብሪታንያው የአማተር ቴሌቪዥን ክለብ እንግሊዝ ጉንሂሊ ካለ ጣቢያ የትራንስፖንደሩን ስፔክትረም በኢንተርኔት በቀጥታ ያሳያል፤ እዚያ ጉብታ ካለና እናንተ ጋ ከሌለ ችግሩ ከእናንተ ነው። ብዙ ጊዜ ኬብሉ ነው። 741 ሜጋኸርዝ የመሬት ቲቪና የሞባይል ሠፈር ስለሆነ መከለያው የሳሳ ኬብል የጎረቤት ሲግናል ያስገባል። አር ጂ 6 ይሁን፣ ውጭ ያለው ማያያዣ በናስትሮ በደንብ ይጠቅለል።

ኮምፒውተር ሳይኖር በቤት ሪሲቨር ቢኮኑን ማየት ለሚሻ አንድ መንገድ አለ። ፒኤልኤል ኤል ኤን ቢ ውስጥ ያለው ክሪስታል 25 ሜጋኸርዝ ሲሆን በ390 ተባዝቶ 9750 ይሰጣል። በ24 ከተተካ 9360 ይሆናል፤ ቢኮኑም 1131.5 ላይ ይወጣል፣ ሪሲቨር የሚሰማበት ቦታ። ሪሲቨሩ ላይ ኤል ኤን ቢውን 9360 ብላችሁ በእጅ ማስገባት አለባችሁ፣ ሲምቦል ሬት 1500ንም መቀበል አለበት። ብየዳው ስስ እጅ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ኤል ኤን ቢም እዚያ ድረስ ወርዶ አይቆልፍም። ስለዚህ የሚጣለውን ቀድማችሁ ሞክሩበት።