ስድስት ኪሎ ጨው

በጥር ወር ሙሽሮች ይዞ ጢስ ዓባይ የወረደ ካሜራማን ችግሩን ሳይነገረው ያውቀዋል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል አቧራ እየተጠጣ ተሂዶ፣ ቀሪው በእግር ተወጥቶ ሲደረስ፣ ፖስትካርዱ ላይ ያለው ፏፏቴ የለም። በበጋ የወንዙ ውሃ ለኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ ገደሉ ላይ የሚንጠለጠለው ሁለት ሦስት ቀጭን ክር ነው። አንድ ሙሽራ ግን "እኛ ፊት ለፊቱ ቆመን፣ እሱ እንደ ነሐሴ እየጤሰ" ብሎ ቀብድ ከፍሏል። ቀብዱን የተቀበለው የቪዲዮ ስቱዲዮው አለቃችን ነው፤ "ምን ችግር አለ" ብሎ።

የተቀረጸው መጣ። ሙሽሮቹ ያምራሉ፣ ሣሩ ደርቋል፣ ከኋላቸው ጥቁር ገደል ራቁቱን ቆሟል። አለቃችን አየት አድርጎ፣ ከኢንተርኔት የክረምት ፏፏቴ አውርደን እንድንለጥፍ አዘዘ። ተሞከረ። የወረደው ምስል ፀሐዩ ከግራ ነው፣ የእኛ ከቀኝ፤ በዚያ ላይ መሐሉ ላይ የሌላ ስቱዲዮ ስም ተጽፎበታል።

ትንሹ ኤዲተር አፉን የከፈተው ያኔ ነው። ልጁ የስታር ዎርስ፣ የጠፈር ጦርነት ፊልሞቹ፣ ወዳጅ ነው። ያውም ሰው ሁሉ የሚወዳቸውን የድሮዎቹን ሳይሆን፣ ሰው ሁሉ የሚሰድባቸውን፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ2002 እና በ2005 የወጡትን ሦስቱን።

"ጋሼ፣ ለምን በጨው አንሠራውም?"

"ምኑን?"

"ፏፏቴውን።"

አለቃችን ወንበሩን አዞረ። "ይኼ የምትንሰፈሰፍለት ፊልም ነው እንዲህ ያደረገህ። እሱ እኮ ሙሉ ለሙሉ ኮምፒውተር ነው። አንድ የሚጨበጥ ነገር የለበትም።"

"የመጀመሪያው ክፍል ላይ ከከተማው ሥር የሚወርደው ፏፏቴ ጨው ነው፣ ጋሼ። የገበታ ጨው።"

"እና አንተ ዓባይን ወጥ ልታደርገው ነው?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ይህን የምጽፈው በከፊል ለዚያ ሳቅ ነው፤ ምክንያቱም ልጁ ያለው ልክ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ስለእነዚህ ፊልሞች "ኮምፒውተር ብቻ ነው" የሚለው ስድብ ሲበዛ የተደጋገመና ሲበዛ የተሳሳተ ነው። የመጀመሪያው ክፍል እሽቅድምድም ላይ ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ በሰፊው ሲታይ፣ ቀለም የተቀባ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ነው፤ ትንሽ ሞዴል ስታዲየም ላይ አንድ በአንድ ተሰክቶ። የንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት ውስጡ ጣልያን አገር ካዜርታ ያለው እውነተኛ ቤተ መንግሥት ነው። የሦስተኛው ክፍል እሳተ ገሞራ ግማሹ ሜቲልሴሉሎስ የሚባል ወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽ፣ ከሥሩ መብራት በርቶበት በሞዴል ተራራ ላይ የፈሰሰ ነው፤ ከኤትና ተራራ የተቀረጸ እውነተኛ ፍንዳታም ተቀላቅሎበታል።

ድክመታቸውን የሚክድ የለም። ንግግሩ እንጨት ነው። የመጀመሪያው ፊልም በንግድ መስመር ቀረጥ ጭቅጭቅ ይጀምራል (ኬላ ላይ ጭኖ ያደረ ነጋዴ ካልሆነ ማን ይገባዋል)። ሁለተኛው የሚያልቀው በሠርግ ነው፤ ሚዜ የለ፣ ዘመድ የለ፣ ከቄሱ ሌላ ያሉት ሁለት ሮቦቶች ናቸው። ያ ሠርግ ግን የተቀረጸው ጣልያን አገር ኮሞ ሐይቅ ዳር፣ ሰገነት ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። አለቃችን በጣና ዳር ለሃያ ሙሽሮች አንስቶ "የእኔ ስታይል" የሚለው ሾት እንዴት ያለ እንደሆነ ለባለሙያ መንገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ሰዎቹ ከጀርባው ላይ የተለጠፉ ይመስላሉ ብሎ የሚስቅም አለ። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ይመስላሉ። ያ ፊልም ያለ ሴሉሎይድ፣ በሶኒ ዲጂታል ካሜራ በሰከንድ 24 ፍሬም (ምስል) የተቀረጸ ነው። ቴፑ የብርሃንን ዝርዝር በደንብ ሲይዝ የቀለሙን ግን ቀንሶ ነው የሚይዘው። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ጀርባ ሲቆረጥ መቀሱ የሚሄደው በቀለም ነውና ጠርዙ ይሻክራል። ግሪን ስክሪን ፊት የሙሽራ ቬል ቆርጦ የማያውቅ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። እኛ ቤት ግን የቆረጡም ይስቃሉ።

ወደ ጨው እንመለስ። አለቃችን "በራስህ ብር ግዛ" አለና ወጣ። ልጁ ገዛ።

ውሃን በውሃ አሳንሶ መሥራት የማይቻለው ጠብታ ስለማያንስ ነው። አንድ ሜትር ከሚወርድ ውሃ ላይ ያለው ጠብታ ከትልቁ ፏፏቴ ጠብታ ጋር እኩል ነውና ዓይን ወዲያው ቧንቧ መሆኑን ያውቃል። ደቃቅ ጨው ግን ፍሬው ትንሽ፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሲወርድም እየተበተነ ይወርዳል።

ቀጥሎ ፍጥነቱ ነው። ደንቡ፣ ሞዴሉ ስንት ጊዜ እንዳነሰ ይታሰብና በካሬ ሩቱ ልክ ካሜራው ይፈጥናል። የእኛ ካሜራ ጣሪያው በሰከንድ 120 ፍሬም ነው፤ በ24 ሲታይ 5 እጥፍ ይዘገያል። 5 የ25 ካሬ ሩት ነው። ጢስ ዓባይ 45 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ፣ ለ25 ሲካፈል 1.80 ሜትር ይመጣል። ልጁ መጀመሪያ ይህን ሳያሰላ ከጠረጴዛ ላይ ከ1 ሜትር አፈሰሰ፤ የወጣው ከማሰሮ የሚንቆረቆር ዱቄት ነው። ከ1.80 ሲፈስ ጨው 0.6 ሰከንድ ይፈጃል፣ ሲዘገይ 3 ሰከንድ። እውነተኛው ውሃም ከገደሉ ጫፍ እስከ ታች የሚፈጀው ያንኑ 3 ሰከንድ ነው። ይህ ሲገጥም ማየት ደስ ይላል።

ማፍሰሻው ሁለት ጣውላ ነው፤ 1.20 ሜትር ርዝመት፣ እንደ ገንዳ ወደ ታች ጠበብ ተደርጎ የተጋጠመ፣ ከሥሩ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያለው፣ ክፍተቱ በሚሳብ የቆርቆሮ ቁራጭ የተዘጋ። 6 ኪሎ ጨው በዚህ 10 ሰከንድ ያህል ይወርዳል። ከመንገዱ ላይ ጥቁር የተቀባ የፎም ስባሪ ይደረደራል፤ ጨው እሱን እየመታ ካልተሰባበረ መጋረጃ ነው የሚመስለው። ከኋላ ጥቁር ጨርቅ፣ ከሥር ሸራ። ሸራው ላይ የወደቀው በወንፊት ተነፍቶ ይመለሳል።

መጀመሪያ ቀን ጨው አልወርድ አለ። የሐይቅ ዳር ጨው እርጥበት ይስባል፤ ክፍተቱ ላይ ጓል ሠርቶ ይቆማል። እትዬ፣ ቡና የምታፈላልን፣ ምጣድ ላይ አመሰችው፤ ከዚያ ወዲያ እንደ አሸዋ ፈሰሰ። ማታ በኤልኢዲ መብራት የተቀረጸውም አልረባም፤ ርካሹ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፣ በ120 ፍሬም ሲያዝ ምስሉ ሽንትር ሽንትር ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት፣ የጣና ነፋስ ሳይነሣ፣ በፀሐይ፣ በ1/250 ሹተር። ፀሐዩ ገደሉ ላይ ከነበረው ጋር እስኪገጥም ድረስ ማፍሰሻው ከነጨርቁ ዞረ። 5 ጊዜ ተቀረጸ፤ አንዱን ቅጂ ገልብጦ መደጋገም ያስነቃል፤ አምስቱ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግን ገደሉን ሞሉት።

ጥቁሩ ጨርቅ በስክሪን ሞድ (ጥቁሩን አጥፍቶ ብሩሁን ብቻ ከሥሩ ካለው ምስል ጋር በሚደምር የኤዲቲንግ ስልት) ሲጠፋ፣ ያ ደረቅ ገደል ነጭ ውሃ ተፋ። አለቃችን ቆሞ አየ። ምንም አላለም። ማታውኑ ክሊፑ ከስሙ ጋር ወጥቶ ነበር።

ሙሽራውን አባቱ ይዘውት መጡ፤ ጢስ ዓባይ ያደጉ ሰው ናቸው። ሁለት ጊዜ አዩት።

"ክረምት ነው አላችሁ?"

"አዎ አባባ" አለ አለቃችን።

"እንግዲያው አፈሩ የት ሄደ?"

ዝም አልን።

"ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል አልሰማችሁም? በነሐሴ እንደ ጠላ ነው የሚመስል። ይኼ የማን አገር ውሃ ነው?"

አለቃችን ጣቱን ወደ ልጁ ቀሰረ። "የሱ ነው። የፊልም ውሃ ነው።"

እና ልክ ነበር። ልጁ የሠራው ጢስ ዓባይን ሳይሆን እዚያ ፊልም ላይ ያየውን ፏፏቴ ነው፤ አንጸባራቂ፣ ንጹሕ፣ አፈር የማያውቅ።

ቡናማ ማድረጉ ቀላል አልነበረም። ስክሪን ሞድ ብርሃን ብቻ ነው የሚጨምረው፤ ቡናማው ፀሐይ የመታው ሣር ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ስለዚህ የጨው ምስል ራሱ እንደ ወንፊት ሆኖ፣ ከሱ ሥር ጭቃማ ቀለም ተነጠፈ። ጢሱ ደግሞ ከሽሮ መጣ፤ 6 ኪሎ ጨው ላይ ግማሽ ኪሎ። ከዚያ ከበለጠ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ጨው ሲወድቅ ሽሮው እየተነሣ ተንሳፈፈ፤ እትዬ አማተበች። አባትየው የተስተካከለውን አይተው "እንግዲህ ይሁን" ብለው ቀሪውን ከፈሉ።

አሁን "የክረምት ፏፏቴ" ራሱን የቻለ ፓኬጅ ነው፤ ዋጋው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ናሙና ሆኖ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚዞረው የመጀመሪያው ነጩ ነው። ቡናማው ለሚጠይቅ ይታያል፤ እስካሁን አንድም ሙሽራ አልጠየቀም። አለቃችን ለደንበኛ ሲያስረዳ "ይኼ ሁሉ ኮምፒውተር ነው" ይላል፤ የጨው ብር እስከ ዛሬ አልተከፈለም፤ ልጁም ከበስተጀርባ ምጣዱን ጥዶ ያምሳል።