ከእኔ ቀድማ የምትነሳ ወፍ

ጅማ፣ ጥር አጋማሽ

ዛሬም ቀደመችኝ። ትናንት ማታ በባትሪ አይቼ «ለነገ ትድረስ» ብዬ የተውኳት ትልቋ ስትሮበሪ ጠዋት ግማሽ ሆና ጠበቀችኝ። የተበላው ደግሞ ጣፋጩ ጎን ነው፤ ወደ ፀሐይ የዞረው፣ ደም የመሰለው። አፈር ላይ ያረፈውን፣ ገና ነጣ ያለውን ጎን አልነካችውም። አማርጣ ነው የምትበላው።

ንዴቴ እስኪበርድ ቡና አፈላሁና በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ይሄን መጻፍ ጀመርኩ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከጓሮዬ ጎመኑን ነቅዬ ፍራፍሬ ልትከል ስል የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይጣፍጣል ወይ? መጀመሪያ ያማረኝ አፕል ነበር፤ ግን አፕል የጨንቻን ብርድ ይፈልጋል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ብትሆንም ለአፕል ሞቃት ናት። ችግኝ የሚሸጠው ልጅ «እንግዲያው ስትሮበሪ ውሰጂ፤ ትልቅ፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ» አለኝ። 40 ችግኝ ወሰድኩ። ትልቅ፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ማለት ለወፍም ማስታወቂያ መሆኑን ያኔ ማን ይንገረኝ።

ከስትሮበሪው ሌላ ከቤቱ ጋር የተረከብኳቸው ሁለት የዘይቱን (ጓቫ) ዛፎች፣ አንድ ጊሽጣና አንድ ካዝሚር አሉኝ። አጥሩ ሥር አውጥ አለች፤ ያቺ ቢጫ ፍሬዋን በደረቅ ሽፋን ውስጥ የምትደብቀው። ማንም አልተከላትም፣ ራሷ ነው የበቀለችው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአውጥ ላይ ወፍ የቀማኝን ፍሬ ብቆጥር አምስት አይሞላም። ሽፋኗ እንደ ወረቀት ጠቅልሏታል። ስትበስል ከነሽፋኗ መሬት ትወድቃለች፣ እኔ መልቀም ብቻ ነው። ሳልለፋባት የምትሰጠኝን ንቄ ገንዘብ ያወጣሁባትን ሳባብል ከረምኩ።

ቀስ ብሎ የገባኝ ነገር ይሄ ነው። ዘይቱን፣ ጊሽጣ፣ ካዝሚርና ፓፓያ ሳይበስሉ፣ ግን ጠንክረው ሲጎመሩ ተለቅመው ቤት ውስጥ ይበስላሉ። ዘይቱኑ ከጥቁር አረንጓዴ ወደ ፈዛዛ ሲለወጥ ለቅሜ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ በጥቂት ቀን ቤቱን በሙሉ ያውደዋል። ወፏ ቢጫ እስኪሆን ስትጠብቅ እኔ ቀድሜያታለሁ ማለት ነው። ስትሮበሪ ላይ ይሄ አይሠራም። ከግንዷ ከተለየች በኋላ ትቀላ ይሆናል እንጂ ጣፋጭነት አትጨምርም። ጣፋጭ ከፈለግሽ እዚያው እስክትበስል መጠበቅ አለብሽ። እዚያው ስትበስል ደግሞ የምታያት ወፏ ናት።

«ታዲያ በክረምት አብቅያት» ያለኝ ሰው አለ። የጅማን ዝናብ የማያውቅ ሰው ነው። ዝናቡ ሲከር ፍሬዋ ግራጫ ሻጋታ ይለብሳትና እጅ ላይ ትሟሟለች። ስለዚህ ደህናዋ ፍሬ የምትገኘው በበጋ፣ ውኃ እያጠጣሁ ነው። በበጋ ደግሞ አካባቢው ሁሉ ደርቆ ወፉ የተጠማ ነው። አንድ ሰሃን ውኃ ከመደቡ ራቅ አድርጌ ማስቀመጥ ከጀመርኩ ወዲህ መንቆር ቀነስ ያለ መስሎኛል። መስሎኝም ሊሆን ይችላል።

ሌቦቹን አሁን በመልክ ለይቻቸዋለሁ። አንደኛዋ ራሷ ጠቆር ያለ ቡናማ ወፍ ናት፣ ገና ሳይነጋ የምትለፈልፈው። ሁለተኞቹ በመንጋ ይመጣሉ። አመድማ ናቸው፣ ጉትያ አላቸው፣ ጭራቸው ከሰውነታቸው ይረዝማል። ቅርንጫፍ ላይ እንደ አይጥ ስለሚሯሯጡ የአይጥ ወፍ የሚላቸው አለ። እነሱ ፍሬው ቢያልቅ ቅጠሉንና እምቡጡን ይቀጥላሉ። ሦስተኛው የሌሊት ወፍ ነው፤ እሱ ዘይቱን ነው የሚወድ። ወፍ የነቆረችው ፍሬ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሌሊት ወፍ ግን ይዞት ይሄድና ሌላ ዛፍ ላይ ሆኖ ይበላል። ጠዋት ሌላ ዛፍ ሥር የታኘከ ገለባና የዘይቱን ዘር ተበትኖ ካገኘሁ ወፎቹን አላማም። ጦጣ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው፣ እሱን ዝም ብሎ ማየት ነው።

ያልሞከርኩት የለም። ስለ ቡና በሽታ ብጠይቅ ጅማ ውስጥ መንገደኛውም ይመልስልኛል፤ ስለ ስትሮበሪ ወፍ ስጠይቅ ግን ይስቁብኛል። መጀመሪያ የተበላሸ ሲዲ አንጠለጠልኩ። ሦስት ቀን ፈሩ። በአራተኛው ቀን አንዷ ሲዲው የታሰረበት ክር ላይ ቆማ አገኘኋት። ቀጥሎ የድሮ ካሴት ክር በመደቡ ላይ ወጠርኩ፤ ንፋስ ሲነካው ይጮኻል። ሳምንት ሠራ። እናቴ በልጅነቷ ማማ ላይ ወጥታ በወንጭፍ ማሽላ ትጠብቅ ነበርና በስልክ ስነግራት «ወፍ ሰው ካላየች ምን ትፈራለች?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግን ሥራ አለኝ፣ ማማ ላይ አልውል።

አንድ ጎረቤቴ አሮጌ አጎበር ሰጠኝ። መለስኩለት። አጎበሩ የትንኝ መግደያ መድኃኒት የተነከረ ነው፣ የሚበላ ነገር ላይ መዘርጋቱ አላማረኝም። ደግሞም በጣም ደቃቅ ስለሆነ ንብ አያስገባም። ስትሮበሪ አበባዋን ንብ በደንብ ካልጎበኛት ፍሬዋ ጎባጣ፣ የተጨማደደ ይሆናል። መሸፈን ያለበት አበባው ረግፎ ፍሬ ከቋጠረ በኋላ ነው።

ከዚያ ሰፋ ያለ መረብ ገዛሁ። እዚህ ላይ ነው የማፍርበት። መደቡ ላይ ዝም ብዬ ጣል አደረግኩት፣ ልል ነበር። በማግስቱ ጠዋት ያቺ ራሰ ጥቁሯ ወፍ ክንፏና እግሯ ተጠላልፎ አፈር ላይ ተኝታ ትንፈራገጣለች። አፏ ተከፍቷል። ልቧ ሲመታ በጣቴ ይሰማኛል። በመቀስ አንድ በአንድ ቆራረጥኩት፤ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ስለቃት መጀመሪያ አልበረረችም። አጥሩ ላይ ወጥታ ቆየች። «ሞተችብኝ» ብዬ ውኃ ላመጣላት ስነሳ ሄደች።

ይሄን ሁሉ በአጥር ላይ ስታየኝ የነበረችው ጎረቤቴ እማማ «ተይው ልጄ፣ ሲምቢሮ የበላችው ለአንቺ ሰደቃ ነው» አለችኝ፤ ሲምቢሮ በኦሮምኛ ወፍ ናት። እኔም አዎ አልኩ። በሆዴ ግን ሰደቃ ሰጪው ነው የሚመርጠው እያልኩ ነበር። ደግነቱ የእሷ ግቢ ትልቅ ዶቅማ አለ፤ እሱ ባፈራ ሰሞን ወፉ ሁሉ እዚያ ይሰፍርና እኔን ይረሳኛል። በሰፈራችን ትልቁን ሰደቃ የምትሰጠው እሷ ናት።

አሁን መረቡን በአጣና ፍሬም ላይ ከበሮ እስኪመስል ወጥሬዋለሁ፣ ጫፉን በድንጋይ ተጭኜዋለሁ። ወፍ ብታርፍበት እንኳ አይጠላለፍባትም። የዛሬዋ ስትሮበሪ ከፍሬሙ ውጪ የቀረው መደብ ላይ ያለችው ናት። መረቡ አልበቃኝማ። ውጪ ያሉትን 12 ችግኞች ነቅዬ ቦታውን ለአውጥ ልልቀቀው እያልኩ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ እነዚያ ለወፏ ይሁኑ እላለሁ። ገና አልወሰንኩም።

ዘይቱኑን ግን ዘንድሮ አልሰጥም። ሐሙስ ገበያ ስወጣ ባዶ የሽንኩርት ከረጢት እገዛለሁ፣ ያንን ቀይ መረብ የሆነውን። ቆራርጬ በየዘለላው ላይ አስራለሁ። ዝንብ በፍሬው ውስጥ እንቁላል እንዳትጥል ደግሞ ትልልቆቹን አንድ በአንድ በወረቀት እጠቀልላለሁ። 30 ያህል ናቸው። መሰላሉን ከእማማ እዋሳለሁ።