ጨርቁን ሳልነክር ቆረጥኩት

ባለፈው ክረምት ከባለቤቴና ከሁለት ሴት ልጆቼ ጋር ባሕር ዳር አክስቴ ቤት ሦስት ሳምንት ቆይተን ነበር። ሐሳቤ ጠዋት ጠዋት መዞር፣ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ ደግሞ መስፋት ነው። ልጆቼ እኔ የሰፋሁትን አንድ ዓይነት የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለው ዘጌ እንዲሄዱ በጣም ጓጉቼ ነበር።

ጉዞው ብዙ ወሬ የለውም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መቀስ በእጅ ሻንጣ አትያዙ። ብዙ ሰው «ክረምት አይኬድም፣ ጥቅምትን ጠብቁ» ይላል፤ እኔ አልስማማም። የጢስ ዓባይ ውሃ ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው በበጋ ይመነምናል። ነሐሴ ላይ ግን ድምፁ ከሩቅ ይቀበላችኋል። ጭቃው አይቀርም፣ ቦት ጫማ አድርጉ።

ወደ ጨርቁ ልምጣ። ከገበያ ቀይ ጥለት ያለው ነጭ ሸማ አራት ሜትር ገዛሁ። «ቀለም ይለቃል?» ብዬ ሻጯን ጠየቅኳት። «ኧረ በጭራሽ እህቴ! ከለቀቀ መልሽልኝ» አለችኝ። አመንኳት።

አክስቴ የሲንጀር ስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ አወጣችልኝ። ጨርቁን ዳበስ አድርጋ «አልነከርሽውም እንዴ?» አለች። «ጊዜ የለም እትዬ፣ ከነገ ወዲያ ጀልባ ይዘናል» አልኳት። ዝም አለች። ምነው ያኔ ተቆጥታኝ በነበር!

ቀሚሶቹ ደረሱ፣ አማሩም። የታላቋን ቁልፎች የሰፋችው ራሷ ናት፤ መርፌ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነበር። ዘጌ በጀልባ ሄድን፣ በቡናው ጫካ አልፈን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደረስን። ጫማችንን አውልቀን ገባን፣ ሥዕሎቹን አየን። እዚያ ብዙ ቆየንና ስንመለስ ሐይቁ ላይ ዝናብ ያዘን። የትንሿን ቀሚስ ጠርዝ እያየሁ ነበር። ከጥለቱ አንድ ቀይ ጠብታ ወጣ፣ ነጩ ላይ ወረደ፣ ካልሲዋ ውስጥ ገባ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

ማታ ሲደርቅ ባሰ። ቀሚሱ በ7 ሳንቲም አጥሯል። ጨርቅ ልቆጥብ ብዬ ለእጥፋቱ 1 ሳንቲም ብቻ ስለተውኩ የሚለቀቅ ነገር የለም። የሰፋሁበት ክር ፖሊስተር ነው፣ አይሰበሰብም። ጨርቁ ሲሰበሰብ ክሩ እንዳለ ቀረ፤ ስፌቱ በሙሉ ተጨማደደ። ታላቋ ቁልፎቿን ይዛ «እማዬ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» አለችኝ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ይዤው ገበያ ሄድኩ። ሻጯ «የተቆረጠ አይመለስም» አለችኝ። ተናድጄ ተመለስኩ። ግን ከእሷ ይልቅ በራሴ ነው የተናደድኩት። አክስቴ ጠይቃኝ ነበር እኮ!

ምክንያቱ የገባኝ በሳምንቱ አውራምባ ሄደን ሴቱም ወንዱም ሸማ ሲሠራ ሳይ ነው። ድሩ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ተወጥሮ የተሠራ ጥጥ ውሃ ሲያገኝ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ መሰብሰቡን መቀስ ሳይነካው ይጨርስ። ሌሊቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ተኩሱት፣ ከዚያ ለኩ። ለልጅ ልብስ ቢያንስ 5 ሳንቲም እጥፋት ተዉ። ልብስ ሰፊዎች «ይሄማ ብዙ ነው፣ ያብጣል» ይላሉ፤ አትስሟቸው። «የሐበሻ ልብስ ላውንደሪ እንጂ ቤት አይታጠብም» የሚሉትንም አትስሙ። ልጅ ሽሮ ታፈስበታለች፣ መታጠቡ አይቀርም። «ጨው ጨምሪበት፣ ቀለሙ ይይዛል» የሚባለውን ሞክሬዋለሁ፣ እኔን አልጠቀመኝም። የሚሻለው ጥለቱን ለብቻ ገዝቶ፣ ለብቻው አጥቦ፣ በኋላ መስፋት ነው።

የታላቋን ቀሚስ ከአክስቴ አሮጌ ነጠላ ጠርዝ ቆርጠን ቀጠልንለት። ቁልፎቹን አልነካንም። ለዘንድሮ እንቁጣጣሽ የገዛሁት ጥለት ከትናንት ማታ ጀምሮ ሳፋ ውስጥ ነው። ውሃውን ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ፣ አሁንም ቀይ ነው።