ፖሊሱን የሚያዘው ማን ነበር?

የሀንጋሪ ኮሚኒስቶች ሥልጣን የያዙበት መንገድ የገባኝ ዘግይቶ ነው። "የሶቪየት ታንክ ገባ፣ አለቀ" ብዬ ነበር የማስበው። ታንኩ እውነት ነው። ግን ቀይ ጦር እዚያው እያለ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1945 ምርጫ ተደረገ። ኮሚኒስቶቹ 17 በመቶ ብቻ አገኙ። የአነስተኛ ገበሬዎች ፓርቲ 57 በመቶ አገኘ። ታዲያ ተሸናፊው በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዴት ሁሉን ጠቀለለ? ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት የምርጫ ውጤት ብቻ ስከተል ነው። ደብተሬ በመቶኛ ተሞላ፤ መልስ ግን የለም። በዚያ ላይ የእኛን ወርና የፈረንጅን ወር ቀላቅዬ ስለጻፍኩ የቱ ከየቱ እንደቀደመ ጠፋብኝ። አንድ ቅዳሜ ሁሉንም ትቼ አዲስ ገጽ ገለጥኩ። በግራ በኩል ቀን፣ በፈረንጅ ብቻ። በቀኝ በኩል አንድ ጥያቄ፦ በዚያ ቀን ፖሊሱን የሚያዘው ማን ነው?

ያኔ ነገሩ ፍንትው አለ። ጥምር መንግሥት ሲቋቋም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በሶቪየቶች ግፊት ለኮሚኒስቶች ተሰጠ። ከማርች 1946 ጀምሮ ወንበሩ የላስሎ ራይክ ሆነ። የፖለቲካ ፖሊሱም ከሥሩ ነበር። ከዚያ የፓርቲው መሪ ማትያሽ ራኮሺ የሚታወቅበት የሳላሚ ዘዴ መጣ፤ ተቀናቃኝን እንደ ቋሊማ በስሱ እየቆረጡ መጣል። በፌብሩዋሪ 1947 የገበሬዎቹ ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ቤላ ኮቫች ተያዘ። ፓርላማው ያለመከሰስ መብቱን አላነሳም ቢል ሶቪየቶቹ ራሳቸው ወሰዱት። በሜይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፌሬንስ ናጊ ለእረፍት ስዊዘርላንድ ሳለ በሴራ ተወነጀለ። ትንሽ ልጁ ሀንጋሪ ቀርቶ ነበር። ልጁ እንዲላክለት ሥልጣኑን ለቀቀ። እዚህ መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እኔም አባት ነኝ።

የቀረው ፈጣን ነው። በኦገስት 1947 ምርጫ የኮሚኒስት ፓርቲው ሰዎች ከመኖሪያ ቦታ ውጭ ለመምረጥ በሚያስችል ሰማያዊ ወረቀት ከቦታ ቦታ እየዞሩ ደጋግመው ድምፅ ሰጡ። ያም ሆኖ 22 በመቶ ብቻ ነው ያገኙት። በ1948 ሶሻል ዴሞክራቶቹን ዋጡ። በ1949 ምርጫ ለሕዝቡ የቀረበለት አንድ የዕጩዎች ዝርዝር ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ራይክ ራሱ በገዛ ፓርቲው ተሰቀለ።

አሁን የቼኮዝሎቫኪያን ጀምሬያለሁ። በዚህ ጊዜ ከመቶኛው አልተነሳሁም። የመጀመሪያው መስመሬ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ነው፦ ቫክላቭ ኖሴክ፣ ኮሚኒስት።