በጃር የታሸገ አማርኛ፦ ከሪሶርስ ፋይሎች ጋር የደረስሁበት

ሰሞኑን የምሠራበት የቁጠባና ብድር ሥርዓት የአባላትን የሒሳብ መግለጫ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ በፒዲኤፍ ማውጣት ጀመረ። የአባሉ ስም፣ የወለዱ ስሌት፣ ከግርጌ ያለው ማሳሰቢያ ሁሉ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ያውም በእኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሳይሆን በደንበኛው የሊኑክስ ሰርቨር ላይ። ኮርቻለሁ፤ አልደብቅም። ነገሩ ባጭሩ ከጃቫ ፕሮግራሙ ጋር አብረው የታሸጉ ጥቂት ፋይሎችን ማንበብ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ግን ምን ያህል እንደሚያደክም ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ብዙ የቆየሁበትን ቦታ ላሳያችሁ።

መነሻውን ቶሎ ልለፈው። በሜቨን (የጃቫ ፕሮግራም መገንቢያ መሣሪያ) ፕሮጀክት ከኮዱ ጋር የሚሄዱ የጽሑፍ፣ የምስልና የፎንት ፋይሎች ሪሶርስስ በሚባለው ፎልደር ይቀመጣሉ፤ ፕሮግራሙ ሲገነባ ወደ ጃር ይገባሉ። ጃር በዚፕ ቅርጽ የታሸገ ማህደር ነው። እዚያ ውስጥ የገባ ነገር ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱን የቻለ ፋይል መሆኑ ያበቃል፤ በፎልደር አድራሻ ተፈልጎ አይገኝም። ኢንተሊጄ (ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም) ውስጥ ስታስኬዱት የሚሠራው ገና ስላልታሸገ ነው። ስለዚህ «ፋይል» የሚለውን ክላስ (የኮድ ክፍል) ተዉትና «ጌት ሪሶርስ አዝ ስትሪም» በሚለው ሜተድ (ክላስ የሚፈጽመው ተግባር) ባይቶቹን በቀጥታ ተቀበሉ። ስፕሪንግ የተባለውን የጃቫ ፍሬምወርክ ለምትጠቀሙም «ክላስ ፓዝ ሪሶርስ» ላይ «ጌት ፋይል» ብሎ መጥራት ፋይሉ ጃር ውስጥ ሲሆን ይወድቃል፤ «ጌት ኢንፑት ስትሪም» ግን በሁለቱም ቦታ ይሠራል።

አጻጻፉም የራሱ ሕግ አለው። በክላሱ በኩል ስትጠይቁ በእዝባር (/) የጀመረ ስም ከጃሩ የላይኛው ፎልደር ጀምሮ ይፈለጋል፤ ያለ እዝባር የተጻፈው ክላሱ ካለበት ፓኬጅ ይፈለጋል። በክላስ ሎደር (ክላሶችን በሚጭነው የጃቫ ክፍል) በኩል ከሆነ መጀመሪያ ላይ እዝባር አይገባም። ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደልም ይለያያል፤ ዊንዶውስ የሚያልፈውን ጃር አያልፍም። ፋይሉ ካልተገኘ ደግሞ ጃቫ ዝም ብሎ ነል («ምንም የለም» የሚል ዋጋ) ይመልሳል። ነሉን እዚያው ያዙትና ፕሮግራሙ የፋይሉን ስም ጠርቶ እንዲቆም አድርጉ። ነልን ዋጥ አድርጎ የሚቀጥል ኮድ በገንዘብ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

አሁን ወደ ዋናው። ሥርዓታችን በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ የፕሮፐርቲስ ፋይል (ቁልፍና ጽሑፍ በጥንድ የሚቀመጡበት) አለ። በስክሪን ላይ አራቱም በትክክል ይታዩ ነበር። በፒዲኤፉ ላይ ግን አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ ደህና ሆነው ሳለ አማርኛና ትግርኛ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ሆኑ። በቡድናችን የመጀመሪያው ፍርድ «ፎንቱ ነው» የሚል ነበር። እኔ አልተቀበልሁትም፤ ምክንያቴንም ልንገራችሁ፤ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ።

የግዕዝ ፊደል የሚበላሽበት መልክ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ባዶ ሳጥኖች ካያችሁ ጽሑፉ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ፊደሉን የሚያውቅ ፎንት ነው። የጥያቄ ምልክቶች ካያችሁ ጽሑፉ ግዕዝን ወደማያውቅ ኢንኮዲንግ (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ሕግ) ተቀይሯል ማለት ነው፤ ከዚያ ቅጂ ፊደሎቹ አይመለሱም። ጭረት የተጨመረባቸው የላቲን ምልክቶች ካያችሁ ግን ባይቶቹ እንዳሉ ናቸው፤ የተሳሳተው አነባበባቸው ነው። ዩቲኤፍ-8 የሚባለው ኢንኮዲንግ እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በ3 ባይት ይጽፋል። «ሰላም» 3 ፊደል፣ 9 ባይት ነው። አይኤስኦ 8859-1 የሚባለው የቆየ ኢንኮዲንግ ደግሞ አንድን ባይት አንድ ፊደል አድርጎ ስለሚያነብ ቃሉ 9 ቁምፊ ሆኖ ይወጣል፤ አንዳንዶቹም ለዓይን አይታዩም። የአማርኛና የትግርኛ ፊደሎች የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ዓይነት በመሆኑ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን «ኤ» ደጋግማ ትመጣለች። በእኛ ፒዲኤፍ ላይ ሞልታ ነበር። አፋን ኦሮሞ ያልተነካውም ቁቤ የሚጠቀምባቸው መሠረታዊ የላቲን ፊደሎች በሁለቱም ኢንኮዲንግ አንድ ባይት ስለሆኑ ነው።

ታዲያ ያው ፋይል በስክሪን ላይ ለምን ትክክል ሆነ? ምክንያቱ ሁለት የተለያዩ አንባቢዎች መኖራቸው ነው። ስክሪኑ ጽሑፉን የሚያገኘው በ«ሪሶርስ በንድል» በኩል ነው፤ ይህ ከጃቫ 9 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የፕሮፐርቲስ ፋይልን በዩቲኤፍ-8 ያነባል። የፒዲኤፉ ክፍል ግን «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ክላስ በቀጥታ ይጠቀም ነበር። የእሱ «ሎድ» ሜተድ ኢንፑት ስትሪም ሲሰጠው ዛሬም በአይኤስኦ 8859-1 ነው የሚያነበው። አንዱ ተሻሽሎ ሌላው ባለበት ቀረ። ስማቸው ተመሳሳይ፣ ፋይላቸው አንድ፣ ውጤታቸው ግን የተለያየ።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ስትሪሙን ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ በተነገረው «ኢንፑት ስትሪም ሪደር» ጠቅልላችሁ ሪደሩን ለ«ሎድ» ስጡት። ይህ አማራጭ ከጃቫ 6 ጀምሮ አለ። ብዙዎች የሚመክሩት ጃቫ ሲነሣ «ፋይል ኢንኮዲንግ» የሚለውን ቅንብር መቀየርን ነው፤ ለዚህ ችግር አይረዳም፤ ምክንያቱም ስትሪም የተሰጠው «ሎድ» ነባሪውን ኢንኮዲንግ ጭራሽ አይመለከትም። ጃቫ 18 ዩቲኤፍ-8ን ነባሪ ማድረጉም እንዲሁ ምንም አይለውጥለትም። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ባይትን ወደ ፊደል የሚቀይር ኮድ ሁሉ ኢንኮዲንጉን በስሙ ይጥራ። ለሰርቨሩ ቅንብር የተተወ አማርኛ ለዕድል የተተወ አማርኛ ነው።

ሌላው የቆየ ምክር እያንዳንዱን ፊደል በዩኒኮድ ቁጥሩ መጻፍ ነው። ይሠራል። ግን እለምናችኋለሁ፣ አታድርጉት። የብድር ውል የሚያርም ሰው «ይከፍላል» እና «ይከፈላል» የሚለያዩበትን ቦታ በዓይኑ ማየት አለበት፤ በቁጥር ረድፍ ውስጥ ሊያየው አይችልም። ፋይሉ ለተርጓሚው የሚነበብ መሆኑን ከምንም በላይ አስቀድማለሁ። ከዚሁ ጋር አንድ ትንሽ ዘዴ፦ አንዳንድ የጽሑፍ ማዘጋጃዎች ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ ምልክት ያስቀምጣሉ፤ ጃቫ አያነሣውም፤ በዚህም የተነሣ የመጀመሪያው ቁልፍ አይገኝም። የመጀመሪያውን መስመር የማስታወሻ መስመር ካደረጋችሁት ምልክቱ ጉዳት ሳያደርስ እዚያው ይቀራል።

ፎንቱ በዚያ ጥፋት ባይኖርበትም የራሱ ጣጣ አለው። ፒዲኤፍ በመደበኛነት የሚያውቃቸው 14 ፎንቶች ግዕዝ የላቸውም፤ ስለዚህ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያለ ፎንት በጃሩ ውስጥ አብሮ መታሸግ አለበት። እዚህ ላይ ሜቨንን ጠንቀቅ በሉ። «ፊልተሪንግ» የሚባለው አሠራር ከበራ ፋይሉን እንደ ጽሑፍ አንብቦ መልሶ ይጽፈዋል፤ ፎንት ደግሞ ጽሑፍ ስላልሆነ ይበላሻል። በፎልደሩ ያለው ቅጂና በጃሩ ውስጥ ያለው ቅጂ መጠናቸው ከተለያየ ጥርጣሬያችሁ እዚያ ይሁን። ፎንትና ምስልን ፊልተሪንግ በማይነካው ሁለተኛ ፎልደር ማስቀመጥ እመርጣለሁ፤ ከረጅም ቅንብር ይልቅ ፎልደር ለሁሉም ሰው ግልጽ ነው።

አፋን ኦሮሞም ያለ ፈተና አላለፈም። ቃላቱ ውስጥ የምትገባው ሁድሃ፣ ለምሳሌ ትርፍ ማለት በሆነው «ቡኣ» (በቁቤ bu'aa) ውስጥ ያለችው ነጠላ ጭረት፣ በጽሑፍ ውስጥ ተለዋዋጭ ዋጋ ለሚያስገባው «ሜሴጅ ፎርማት» ለሚባለው የጃቫ ክላስ ልዩ ትርጉም አላት፤ ከእሷ በኋላ ያለውን እንደ ጥሬ ጽሑፍ ያየዋል። ጭረቷ ትጠፋለች፤ ቀጥሎ የብር መጠን ሊገባበት የነበረው ቦታም ሳይተካ ይቀራል። ጭረቷን ሁለት ጊዜ መጻፍ ይፈታዋል። እኔ ይህን ለተርጓሚዎች አላስተምርም፤ ፋይሉ ሲነበብ ኮዱ ራሱ እንዲያደርገው አድርጌአለሁ። ጥሩ የኮድ ሥርዓት የሚወዱ ባልደረቦቼ አይስማሙበትም፤ እኔ ግን ተርጓሚ የጃቫን ሕግ ሊሸከም አይገባም ባይ ነኝ።

ከማስረከቤ በፊት የማደርገው ፍተሻ አጭር ነው። በ«ጃር» ትእዛዝ የማህደሩን ዝርዝር አያለሁ፤ ከዚያ የታሸገውን ፕሮግራም ራሱን ሊኑክስ ላይ አስነሥቼ ከአማርኛው ፋይል «ሰላም» የሚለውን አስነብባለሁ። ርዝመቱ 3 ካልሆነ ሥራው ይቆማል።

ቀጣዩ የኢትዮጵያ ቀን ነው። ጃቫ ከራሱ ጋር የኢትዮጵያ አቆጣጠር የለውም፤ አይሲዩ ፎር ጄ እና ስሪ ቴን ኤክስትራ የሚባሉት ላይብረሪዎች ግን አላቸው። የ13ቱን ወራት ስም በየቋንቋው በሪሶርስ ፋይል አስቀምጬ የጳጉሜን ወለድ ስሌት ላይ ደርሻለሁ። ከሁለቱ በአንዱ የሠራችሁ ካላችሁ የትኛውን እንደመረጣችሁና ለምን እንደሆነ ጻፉልኝ።